አንድ ጎል አስቀድሞ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከማርቆስ ገበያ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ አንድ ወጣትና አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ኳስ ውርርድ ያወራሉ።

«ጋሼ፣ እንዳሉኝ ለደካማው ቡድን ገና ሳይጀመር አንድ ጎል አስቀድሜ ነው ትኬት የቆረጥኩት። ግን ተበላሁ።»

«ስንት ጨዋታ አስገባህ?»

«ሰባት።»

«ሁለት አላልኩህም?»

«ጎል ሲያስቀድሙ እኮ የሚከፍሉት ያንሳል። ከፍ እንዲልልኝ ብዬ ጨመርኩበት።»

«ጎሉን የምታስቀድመው እንዳትበላ ነው። አንዱ ብቻ ቢስት ትኬቱ በሙሉ ይበላል፤ አምስት ጨዋታ ከጨመርክበት ምኑን ጠቀመህ?»

«ደግሞ የጣለኝ የምደግፈው ቡድን ነው።»

«በምትደግፈው ቡድን አይቆረጥም! ስንቴ ልንገርህ? እኔ በየሳምንቱ ሁለት ጨዋታ ብቻ መርጬ ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ። ዘንድሮ የሳትኩት አንዴ ብቻ ነው።»

«አንዴ ብቻ? ታዲያ ስንት በሉበት?»

«ምን?»

«ብር ነዋ!»

«እኔ ትኬት ቆርጬ አላውቅም» አሉ፣ ኮራ ብለው። «ለዚህ እኮ ነው ማንም በልቶኝ የማያውቀው።»

ባጃጁ ውርርድ ቤቱ ጋ ሲደርስ፣ ትኬት ልቆርጥ «ወራጅ አለ» ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሳልወርድ አለፍኩ።