ጠይቆ መመዝገብ

አናጢው በሰፈሩ ሰው ዘንድ ጋሽ ውሃልክ ይባላሉ። የሠሩት በር አይንጋደድም፣ የሠሩት ጠረጴዛ አያነክስም፤ ውሃ ልክ ሳያስቀምጡበት ከእጃቸው የሚወጣ ዕቃ የለምና ስሙ የወጣላቸው በዚሁ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤት ውስጥ የቀረቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ስትሆን፣ እሷም አዋላጅ ነርስ ከመሆን በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

በምዝገባው ዕለት አባትና ልጅ ከቤታቸው የሃያ ደቂቃ መንገድ ወደሆነው ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ ዝናብ ድንገት ወረደባቸውና አንድ መድኃኒት ቤት በረንዳ ሥር ተጠለሉ። ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ ያጠፈች ወጣትም እዚያው ቆማ ነበር። ጋሽ ውሃልክ ልብ ብለው ሲያዩዋት የቀድሞ ጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ አሁን የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ሆናለች።

«ጋሼ! እንዴት ነዎት? በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?»

«ተመስገን ልጄ። ይቺን ላስመዘግብ ነው። አዋላጅ ልትሆንልኝ!»

«እሰይ! የትምህርት ክፍሉን መረጃ አይታችሁታል?»

«የምን መረጃ?»

«ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ የመግለጽ ግዴታ ያለበትን ነዋ። ከገቡት ስንቱ ይመረቃል? ከተመረቁትስ ስንቱ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ያልፋል? ትምህርቱ ዕውቅና አለው ወይ? ተማሪ ቢያቋርጥ ምን ይሆናል? ይህ ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል። ለጠየቀ ይሰጣል፤ ሕግ ነው።»

ጋሽ ውሃልክ ከት ብለው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ የቲማቲም ተራ መሰለሽ እንዴ? እኔ አራተኛ ክፍል ያልጨረስኩት ሰውዬ ምሁራኑን ‹እስቲ ማስረጃችሁን አውጡ› ልበላቸው? ነውር ነው!»

«ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎ። በር የሚያሠራ ሰው ‹እንጨቱ ደርቋል ወይ?› ቢልዎ ይቆጣሉ?»

«ለምን እቆጣለሁ? የሚቆጣው እርጥብ እንጨት የያዘ ነው» አሉና በገዛ አፋቸው መያዛቸው ሲገባቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቢሆንም እንጨትና ልጅ አንድ አይደለም።»

«ልክ ነዎት፤ ልጅ ትበልጣለች።»

ልጃቸው ሳቋን በመሐረቧ ሸፈነች። ባለሙያዋ ግን አልሳቀችም። «ጋሼ፣ እኔ ሳልጠይቅ ነው የገባሁት። ሁለት ዓመት ከተማርኩ በኋላ ‹ክፍላችሁ ዕውቅና የለውም፣ ለፈቃድ ፈተና አትቀመጡም› ተባልን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና ሌላ ቦታ ከአንደኛ ዓመት ጀመርኩ። እናቴ ‹ዘንድሮ ትመረቅልኛለች› ብላ ላገር ምድሩ አውርታ ስለነበር፣ ሰው ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይር ነበር።»

እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ድስት ሲገዛ እንኳ አንኳኩቶ ሽንቁሩን ይፈልጋል። የልጁን ዕድሜ የሚያስረክብበት ደጅ ሲደርስ ግን አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ዝምታውንም አክብሮት ይለዋል።

ዝናቡ አባርቶ ሬጅስትራር ቢሮ ሲደርሱ ጋሽ ውሃልክ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሻሹ «የአዋላጅ ክፍሉን መረጃ ለማየት ነበር» አሉ። መነጽር ያደረጉት ሴት ሠራተኛ ጥያቄውን ሰምተው ከመሳቢያ የተጠረዘ ወረቀት አወጡ። «እግዜር ይስጥዎ ጌታዬ! ዘንድሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው እርስዎ ሦስተኛ ነዎት። አቧራ ሊበላው ነበር።»

ልጅቱ ጣቷን እያስኬደች አነበበች። አምና ከዚህ ተመርቀው የአዋላጅነት ፈቃድ ፈተና ከተቀመጡት ሠላሳ ተማሪዎች ያለፉት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ባለው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ግቢ ግን ከሠላሳው ሃያ ሰባቱ አልፈዋል። ምክንያቱም ተጽፏል፤ የዚያኛው ተማሪዎች ማዋለጃ ክፍል ገብተው ይለማመዳሉ፣ የዚህኞቹ አይለማመዱም።

«አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ከዘጠኙ አንዷ ትሆኛለሽ። እዚሁ ተመዝገቢ» አሉ አባት፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ አሽሽተው።

«አባዬ፣ የምትፈራው ትምህርቱን ነው ወይስ የኔን መሄድ?»

ጋሽ ውሃልክ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ቤቱ ይሰፋብኛል ልጄ» አሉ በቀስታ። «ከሥራ ስገባ የሚያናግረኝ ሰው አይኖርም። አንቺን አጠገቤ ለማቆየት ዓይኔን ልጨፍን ነበር።» ከዚያ ቀና አሉ። «ግን ምጥ የያዛት ሴት የኔን ብቸኝነት ምን ታድርገው? እጇ ሥራ የለመደ አዋላጅ ነው የምትፈልገው። ሂጂ። እዚያኛው ተመዝገቢ።»

ልጅቱ አንገታቸውን አቅፋ አለቀሰች። ሠራተኛዋም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ከአራት ዓመት በኋላ ጋሽ ውሃልክ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር በጋሪ አስጭነው ሆስፒታሉ ደረሱ። ላቦራቶሪው መስኮት ፊት ለፊት አስቀመጡትና «ውጤት የሚጠብቅ በሽተኛ ይረፍበት፤ ላንቺ ምስጋና የሠራሁት ነው» አሏት ባለሙያዋን።

«ምን አድርጌልዎ ጋሼ?»

«ልጄ ፈተናውን ባንዴ አለፈች። ያ ብቻ አይደለም። የሰፈሩ ወላጅ ሁሉ የኔን ሰምቶ እየጠየቀ ሲያስቸግር የሬጅስትራር ሠራተኛዋ መረጃውን ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። የኛው ግቢ ሰዎችም አፈሩና ተማሪዎቻቸውን ሆስፒታል ማስለማመድ ጀመሩ። ዘንድሮ ከሠላሳው ሃያ ሁለቱ አለፉላቸው! ለካ ጥያቄ ጠያቂውን ብቻ ሳይሆን ተጠያቂውንም ያቃናል። ደካማው ክፍል ይበረታል፣ ብርቱው ይመሰገናል፣ ድሃም የልጁን ዕድሜ በጨለማ አይወረውርም። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ባለሙያዋ ወንበሩን በመዳፏ ዳበሰችው። «እሷስ? ሥራ ጀመረች?»

«ትናንት ደወለችልኝ» አሉ ጋሽ ውሃልክ። «መንታ አዋልዳ መውጣቷ ነበር። ‹ሦስቱም ደህና ናቸው፣ አባዬ› አለችኝ።»