ነርቩ የት ነው?

የተከበራችሁ የአዋሽ አባቶችና እናቶች፣ ከሰመራ የመጣችሁ ባልደረቦቼ፣ እትዬ የሻረግ፣ አላህ ያጽናችሁ። ረድዋን እባላለሁ። ጥርስ ማከምን የለመድኩት እዚሁ አዋሽ፣ በጋሼ ወልደገብርኤል ክሊኒክ ነው። እሳቸውን በክፉ የጠረጠርኩትም እኔው ነኝ። ይህን ሳልናገር አፈር አላለብሳቸውም።

ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ነርቩ የት ነው?» ራጁን ወደ መስኮቱ ያነሳሉ። በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ፣ ከጥርሱ ሥር ግርጌ፣ የከንፈርና የአገጭ ስሜት የሚያልፍበት ቀጭን መስመር አለ። እሱን በጣቴ ካላሳየኋቸው ጉጠት አልነካም።

ለምን አያምኑኝም? አንድ ጊዜ ከዱብቲ ጉንጩ ያበጠ ሰው መጣ። የጥርሱ ሥር ነርቩ ላይ ተኝቷል። «ይህን እኛ አንነካውም» ብለው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላኩት። ፈሩ አልኩ። እጃቸው ደክሟል አልኩ። ደግሞ ሲላጩ አገጫቸውን ቆርጠው፣ ደሙ እየወረደ፣ ሳያውቁት ሥራ ይገባሉ። ሻይ ከከንፈራቸው ጥግ ይፈሳል፤ አይጠርጉትም። ምን ብዬ ጠረጠርኩ? መጠጥ! ሰመራ ከተዛወርኩ በኋላም ለአንዳንዶቻችሁ ሹክ አልኩ። አመናችሁኝ። አንገታችሁን አትድፉ፤ ጀማሪው እኔ ነኝ።

ትናንት ድንኳን ውስጥ ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ ጠሩኝ።

«ይጠጣል ብለህ ያስወራኸው አንተ ነህ?»

ወላሂ፣ «አዎ» አልኳቸው።

«እሱ አይጠጣም ነበር። ግራ ከንፈሩ ደንዝዞ ነው። አንተ ጥርሱን የነቀልክለት ቀን እንደደነዘዘ ቀረ። እንዳትነግሪው፣ እጁ ይፈራል ብሎኝ ነው።»

የመጀመሪያ የነቀልኩት ጥርስ የእሳቸው ነበር። «ተማሪ በሰው አፍ አይጀምርም፣ በኔ ጀምር» ብለው ወንበሩ ላይ ወጡ። ራጁ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቸኮልኩ፤ አላየሁትም። እሳቸውም ያን ቀን ብቻ አልጠየቁኝም። ስጨርስ አገጫቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ጎበዝ!» አሉኝ። ያ ጥያቄ የጀመረው በማግስቱ ነው። እኔ ግን ስምንት ዓመት ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፈለግሁ።

ጋሼ፣ አሁንም እጠረጥርዎታለሁ። «ደህና ነኝ» እያሉ ሌላ ስንት ነገር ደብቀውን ሄዱ? ይህን ጥርጣሬዬን ግን እወደዋለሁ። ያንን የመጠጡን አፉ ይበሉኝ።

ነገ ሰመራ፣ ወንበሬ ላይ ሰው ይቀመጣል። ራጁን ወደ መስኮቱ አነሳለሁ። ከኋላዬ የሚጠይቀኝ የለም።

በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ። ሳላይ አልነካም።