የሁለተኛው ተሸካሚ ነውር

በ2007 ዓ.ም. የካቲት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሐይቅ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ማመልከቻ ከምጽፍባት ጠረጴዛዬ ተነሥቼ ወደ ገበያ ስወርድ ጋሽ ሀሚዱን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጋሽ ሀሚዱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውጫሌ ገበያ በቅሎ የሸጡ፣ አሁን እርጅና ሲመጣ አንድ አዳራሽ የሚያከራዩ ሰው ናቸው። ሰላምታችን እንደ ወጉ ረዘመ። ከጤና ተነሥተን፣ በከብቱ በኩል አልፈን ዝናቡ ላይ ስንደርስ እጄን ሳይለቁ፣

«ፈንታሁን፣ ወረቀት ይዘሃል?» አሉኝ።

«ያለ ወረቀት ወጥቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ለኢልሀም ጻፍልኝ። አዳራሼን በወሩ መጨረሻ ትልቀቅ። እህል አስቀምጥበታለሁ።»

ኢልሀም ደሴ ተምራ የመጣች ልጅ ናት። በዚያ አዳራሽ ከሰዓት በኋላ የውጭ ፊልም ታሳያለች፤ ማይክሮፎን ይዛ ንግግሩን ወደ አማርኛ እየመለሰች። አዳራሹ ከተዘጋባት ሌላ የምትሄድበት ቤት የለም፤ ለእኛም ሌላ ፊልም የምናይበት የለም። ወረቀቴን ደገፍ አድርጌ «ጉዳዩ፦ አዳራሽ ስለ መልቀቅ» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ምክንያት የሌለው ደብዳቤ ያጥርብኛል።

«ምን አጠፋች?»

«ና ላሳይህ!»

አዳራሹ በር ላይ ድልድይ በትከሻው የተሸከመ ጎረምሳ ሥዕል ተለጥፏል፤ የፊልሙን ስም «ተሸካሚው ቁጥር ሁለት» ይላል። ጋሽ ሀሚዱ ከዘራቸውን ደረቱ ላይ ደገኑበት።

«ይሄ ማነው?»

«ተሸካሚው ነዋ።»

«አይደለም! ተሸካሚውን እኔ አውቀዋለሁ። እዚችው አዳራሽ ውስጥ፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ የፊልሙ ሦስተኛ ክፍል ላይ ሞቷል። ቀብሩን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አላህ ይዘንለት ብዬ ነው የወጣሁት። አሁን ለሌላ ጎረምሳ ልብሱን አልብሰው ቁጥር ሁለት ይሉኛል። ከሦስት በኋላ ሁለት ይመጣል? በቤቴ ማታለል አይሸጥም!»

ኢልሀም ይህን ሁሉ ከውስጥ ሰምታለች። እንዳልሰማች ሆና ወጣችና እጃቸውን ሳመች።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጋሽ ሀሚዱ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። ስምሽን እያነሣን ነበር።»

«በመልካም ይሁን።»

«በመልካም አይደለም።»

እኛ ዘንድ ጠብም ቢሆን ሰላምታ አያሳጥርም።

«ጋሽ ሀሚዱ፣ እርስዎ የሚያውቁት ሞቷል፤ አልክድም» አለች። «ኋላ ሠሪዎቹ ታሪኩን በሌላ ተዋናይ ከሥሩ እንደ አዲስ ጀመሩት። ይሄ የአዲሱ ሁለተኛ ክፍል ነው።»

«አንዴ የተነገረ ታሪክ ምን ሊሆን ይደገማል?»

«አምባሰልን ከስንት ሰው አፍ ሰምተዋል?»

«ቅኝቱን? ወላሂ አልቆጥረውም! ሠርግ ላይ፣ አጨዳ ላይ፣ ገበያ ላይ…»

«ታዲያ ሁለተኛውን ዘፋኝ ሌባ ብለውት ያውቃሉ?»

«ኧረ እንዴት ተብሎ! ቅኝቱ የተራራችን ነው። የነካው ሁሉ የራሱን አንጀት ይጨምርበታል። ካልቻለ ነው ውረድ የምንለው።»

«ይሄንንም ልጅ ለምን ነካው አንበለው። ቻለው ወይስ አልቻለውም እንበል።»

እዚህ ላይ እኔም ሳላውቀው ቀና ብዬ ቆሜ ነበር። ከአራቱ ቅኝቶች ለአንዱ ስሙን የሰጠ አገር ሰው፣ አንድን ነገር ደግሞ ደጋግሞ አዲስ ስለማድረግ ከማንም ትምህርት አይለምንም። ጋሽ ሀሚዱ ግን በአንድ ምት የሚወድቁ ሰው አይደሉም። ከዘራቸውን፣ ኢልሀም የፊልሙን ጥንካሬና ድክመት ጽፋ ከሥዕሉ በታች ወደ ለጠፈችው ወረቀት አዞሩ።

«እሺ፣ ይህን ረታሽኝ። ይሄኛውስ? ‹ድክመቱ› ብለሽ ጽፈሻል! ‹የከተማው መፍረስ ከልክ በላይ ረዝሟል። ጠላቶቹ ሦስት ሆነው ይጋፋሉ። ልጅቷ ከመጮህ በቀር ሥራ አልተሰጣትም።› ሰው የራሱን ዕቃ በር ላይ ቆሞ ያማል? ከአንቺ በፊት የነበረው ሁሉንም ‹ታይቶ የማይታወቅ› እያለ ነበር የሚለጥፈው።»

«ሰውስ ሲወጣ ምን ይል ነበር?»

«ይሳደብ ነበር» አሉ።

«እርስዎ በቅሎ ሲሸጡ መጀመሪያ ምን ይሉ ነበር?»

መልሱን እኔም አምባሰልም በሙሉ እናውቃለን። ጋሽ ሀሚዱ ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት በቅሎዋን እየዞሩ «ትራገጣለች! ውኃ ትፈራለች! የግራ ኮቴዋ ተሰንጥቋል!» እያሉ ይጮሁ ነበር። ሌሎቹ ነጋዴዎች ይስቁባቸዋል፤ ገዢው ደግሞ የሚሳቅባቸው ዘንድ ይሰለፋል።

«ነውር ደብቆ መሸጥ ሐራም ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ነውር የሌለባት በቅሎ ገጥማዎት ታውቃለች?»

«አንድም!»

«እና ገበያ መውጣት ተዉ?»

«አንቺ ልጅ!» ሳቃቸውን ዋጡት። «በቅሎን ጥርሷን ገልጬ እፈርዳለሁ። የዚህን ምኑን እገልጣለሁ?»

«ይግቡና ይዩት። ከዚያ በኋላም ልቀቂ ካሉኝ ፈንታሁን ደብዳቤውን ይጨርስ፤ ቃል አልመልስም።»

ስምንት ሰዓት ላይ ገብተን ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከተማው መፍረስ ጀመረ፤ ቆየ። ጋሽ ሀሚዱ አዛጉና «አሁንም እያፈረሱ ነው?» ብለው ጮክ ብለው ጠየቁኝ። ሦስተኛው ጠላት ብቅ ሲል፣ «ይሄንን ደግሞ ማን ጠራው?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ የተሸካሚው አባት ሞተ። ድልድይ ያነሣው ልጅ እንደ ማንኛውም ሰው ከቃሬዛው አንድ ጫፍ ሥር ገባ፤ ጉልበቱ ከዳው። ኢልሀም ማይክሮፎኗን ዝቅ አደረገች፤ የሚተረጎም ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ ከኋላ አንዱ፣

«ኧረ ተቀበሉት እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

እኛ አገር የደከመ ሰው ቃሬዛ ሥር አይተውም፤ ሙስሊሙ ክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ ሙስሊሙን ይቀበለዋል። በማሳያው ላይ ያሉት ሰዎች ግን ይህን ወግ አያውቁም፤ ልጁን ብቻውን ተዉት። የአዳራሹ ሰው ግማሹ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነበር። ጋሽ ሀሚዱ አልተነሡም። ከዘራቸውን ግን መሬት ላይ አስተኝተው ነበር።

ስንወጣ ተመልካቹ ሁሉ በሩ ላይ ቆመ። ኢልሀም የአዳራሹን ቁልፍ በመዳፏ ጨብጣ ትጠብቃለች።

«ፈንታሁን፣ ወረቀቱን አውጣ» አሉ ጋሽ ሀሚዱ። «ጻፍ።»

«ትልቀቅ ብዬ?»

«ማን ትልቀቅ አለ? ነውሩን ጻፍ!»

እንደ ውጫሌው ዘመናቸው ሥዕሉ ፊት ወዲያና ወዲህ ተንጎራደዱ። «አንቺ የጻፍሽው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን አንድ አምልጦሻል። ታሪኩ አያልቅም። ለሚቀጥለው ክፍል አጓጉተው መንገድ መሃል ጣሉን። ከዚህ የባሰ ነውር የለም።»

«እውነትዎን ነው» አለች ኢልሀም። «አላየሁትም። ጥንካሬውስ?»

«የድሮው ሰውዬ ቃሬዛ ይዞ አያውቅም። ጉልበቱን ብቻ አሳይቶን ሞተ። ይሄኛው የማይችለውን አሳየን። ልጁ ችሎታል፤ ቅኝቱን አልሰበረም። ቁልፉን ኪስሽ ክተቺው።»

ከዚያ ወዲህ የመጣውን ለውጥ በዓይኔ ስላየሁት እመሰክራለሁ። ነውሩን ቀድሞ ሰምቶ የገባ ሰው ሲወጣ አይሳደብም። ሻይ ቤት ውስጥ «አሪፍ ነው»፣ «አይረባም» ብሎ የሚነሣ ጎረምሳ «ለምን?» ተብሎ ይቀመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከውጫሌ ሳይቀር በሩ ላይ ያለውን ለማንበብ ብቻ የሚመጡ አሉ፤ አንብበው ይገባሉ። ባሕር ማዶ ስንት ሰው የደከመበትን ሥራ የሐይቅ ሰው በአንድ ገጽ መዝኖ በሩ ላይ ሰቀለው። ሠሪዎቹ አልሰሙ ይሆናል። እኛ ግን ራሳችንን ሰምተናል፤ ድምፃችንም አያሳፍርም።

ያቺ ወረቀት ዛሬም በሩ ላይ አለች። «ጉዳዩ፦ አዳራሽ ስለ መልቀቅ» የሚለው አንድ ጊዜ ተሰርዟል። ከሥሩ፣ ጋሽ ሀሚዱ በቅሎ እንደሚሸጡ ሆነው እንዳስጻፉኝ፣ አንድም ቃል ሳልነካ ጽፌዋለሁ፦

«ጀርባው ጠንካራ ነው፣ ይጫናል። ሲፈራርስ ያሰለቻል። መጨረሻው ላይ ይለግማል። ነውሩን ሰምታችኋል፤ ግቡ።»