ኦቦ ኤጄታ እና የማይጠለፈው ማሽን

በዚያ ረቡዕ ጠዋት ኦቦ ኤጄታ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ አምቦ ከተማ ሁሉቃ ድልድይ አጠገብ የጉደር ሚኒባስ ሲጠብቁ ያየ ሰው የወረዳ ሹም ቢመስሉት አይፈረድበትም። ለአንድ ዘመዳቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ በሽምግልና ተጠርተው ነበር። እንዳጋጣሚ ከጊንጪ የመጣው አውቶቡስ እዚያው ቆመና ዱሬቲ ወረደች። ዱሬቲ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራ አሁን ጊንጪ ታስተምራለች። አምቦ የመጣችው ለስልጠና ነው።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ኤጄታ? ደህና አደሩ?»

«ፈያ! ፈያ! ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከሳሽ እኮ! ጊንጪ ምግብ የለም እንዴ?»

«ሞልቷል። ይልቅ ጌም ቤቱን ዛሬ ማን ይጠብቅልዎታል?»

«ማንም።»

«ቆልፈው ነው የወጡት?»

«ገርበብ አድርጌው ነው። ቁልፉንማ ለጎረቤታችን ለባየሽ አውሼያታለሁ፤ ጎተራዋን ሌባ እየደፈረባት ተቸግራ።»

ዱሬቲ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «በሩን ክፍት ትተው ጉደር ሊሄዱ?»

«ምን አስደነገጠሽ? የጌም ማሽኑን አዲስ አበባ የሸጠልኝ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ‹አባባ፣ የዚህን ማሽን ቁልፍ እስከ ዛሬ የሰበረ የለም፣ ወደፊትም አይኖርም› ብሎኛል። እንዲህ ያለ ማሽን ቤት ውስጥ እያለ በሩ ላይ ሌላ ቁልፍ መስቀል፣ በጋቢ ላይ ጋቢ መደረብ አይሆንም?»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የኦቦ ኤጄታ ብቻ አይደለም። አማርኛችን ሸሚዝ ላይ ያለውንም፣ በር ላይ የሚንጠለጠለውንም፣ ኪስ ውስጥ የሚንሿሿውንም፣ ጆይስቲክ ላይ የሚጫኑትንም «ቁልፍ» ብሎ ይገላገላል። ኦቦ ኤጄታም ሰፊውን ቃል በሰፊው ነው የተረዱት። ጌም ቤቱን እንደከፈቱ ሰሞን ልጆቹ ጆይስቲኩን እንደ በርበሬ ሲወቅጡት፣ «በርቱ! ቁልፉ አይሰበርም ተብሏል!» እያሉ ያበረታቱ ነበር። ጆይስቲኩ ሲሰበርም የሻጩን ቃል አልተጠራጠሩም፤ የልጆቹን ጡንቻ አደነቁ እንጂ።

ነገሩ ግን ከጆይስቲክ ያለፈ ነው። ኦቦ ኤጄታ ዕድሜ ልካቸውን ጋሪ ሲነዱ ኖረው፣ ፈረሳቸውን ዳማን ከነጋሪው ሸጠው ነው ይህን ማሽን የገዙት። ሌላ እንጀራ የላቸውም። ልጆች ከትምህርት ቤት እየቀሩ ጌም ቤት መዋል ሲጀምሩ ወላጆች ተሰብስበው ቤቱን ሊያዘጓቸው ነበር። ያን ጊዜ እሳቸው ተነሥተው፣ «በትምህርት ሰዓት ማሽኑን በምስጢር ቁጥር እዘጋዋለሁ። እሱን የሚከፍት ልጅ ከተገኘ ቤቱን በገዛ እጄ እዘጋለሁ!» ብለው ምለው ተረፉ። የወላጆቹ ሰብሳቢ ኦቦ ረጋሳ ደግሞ የሰው መሐላ የሚረሱ ሰው አይደሉም።

«ሻጩ የተናገረው ስለ በር አይደለም» አለች ዱሬቲ ረጋ ብላ። «ሠሪዎቹ ማሽኑ ውስጥ የማይታይ መዝጊያ አኑረዋል፤ እነሱ ያልፈቀዱት ጌም እንዳይሠራበት የሚከለክል። እሱም ቢሆን አይጠለፍም ተብሎ አይማልበትም።»

«ጠለፋ? ጠለፋማ በሴት ልጅ ላይ ነበር፤ እሱም በሕግ ተከለከለ፤ ይኸው እኔም በወግ በማዕረጉ ልጠይቅ እየሄድኩ ነው። ማሽንን ደግሞ ማን በፈረስ ጭኖ ይሮጣል?»

ዱሬቲ ሳቋ አመለጣት። «የማሽን ጠላፊ ፈረስ አይፈልግም፤ ጊዜ ካለው ይበቃዋል።»

«ስንት ኢንጂነር ተሰብስቦ የሠራውን!»

«ሠሪዎቹ የቱንም ያህል ቢበዙ ሊከፍቱት የሚሞክሩት ይበዛሉ፤ በየአገሩ ናቸው፣ መሰልቸትም አያውቁም። ሠሪው ቀዳዳውን ሁሉ መድፈን አለበት፤ ጠላፊው ግን አንዲት ቀዳዳ ካገኘ ገባ። ከዚህ በፊት አይከፈቱም የተባሉ ማሽኖች ቆይተው ተከፍተዋል።»

«እነዚያ የድሮ ናቸው። ይኼ ዘመናዊ ነው።»

«የድሮዎቹም በጊዜያቸው ዘመናዊ ነበሩ፣ ኦቦ ኤጄታ።»

ኦቦ ኤጄታ ከዘራቸውን አገላብጠው አዩት፤ መልሱ እሱ ላይ የተጻፈ ይመስል። «እንዲያ ከሆነ ለምን ይዘጋል? ሁሉም ክፍት ይሁና!» አሉ።

«መዝጋቱማ ይጠቅማል፤ ሌባውን ያዘገየዋል፣ ባለቤቱም እስኪነቃ ጊዜ ያገኛል። መዝጊያው አለ ብሎ መተኛት ነው ጥፋቱ። ሠሪዎቹ ራሳቸው መች ተኙ? ማሽኑ ‹አፕዴት› እያለ ሲጠይቅዎት ምን ያደርጋሉ?»

«‹አይ› የሚለውን እጫናለሁ። ያልጠየቅሁትን ልስጥህ የሚለኝን አላምንም።»

«እሱ እኮ ጥገናው ነው! የማይሰበር ቢሆን ኖሮ ጥገና ለምን ይልኩለታል? እስቲ በኦሮምኛ እንየው፤ በር ላይ የሚንጠለጠለው ምንድን ነው?»

«ቁልፊ።»

«የሚከፍተውስ?»

«ፉርቱ።»

«አዩ? አማርኛው አንድ ላይ ያሰረውን ኦሮምኛው ለየልን። ፉርቱ ማለት የሚፈታ ነው። ቁልፊውን የሠራ ሰው ፉርቱም ሠርቷል፤ ሰው የሠራውን ፉርቱ ደግሞ ሌላ ሰው አስቦ ይደርስበታል። ፉርቱ የሌለው ከሆነማ ግድግዳ ነው።»

«ቶሌ፣ ይሁንልሽ! የእኔ ፉርቱ ግን እዚህ ነው» አሉ ኦቦ ኤጄታ ግንባራቸውን በጣታቸው እየመቱ። «እዚህ ማን ይገባል?»

«ከባድ ቁጥር መርጠው ይሆናላ።»

«ምስጢር ቁጥር ምረጥ ሲሉኝ ከዳማ ሌላ ማንን ልመን? ያንን ፈረስ አታውቂውም! በዘጠና አንድ ከጊንጪ ገበያ ገዝቼው ስመጣ አይሱዙ አስከትሎ ነው አምቦ የገባው። ሹፌሩ ወርዶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹አባባ፣ ለፈረስዎ ነዳጅ የት ነው የሚቀዱት?›»

«በዘጠና አንድ ነው እንዴ የገዙት?»

«ያውም በጥቅምት!»

ዱሬቲ ቦርሳዋን አነሣች። «የጉደር ቀጠሮዎ ከሰዓት አይደል? ይምጡ፣ ማሽንዎን ልክፈትልዎት። ካቃተኝ ጋቢዎን ተሸክሜ እዚሁ እመልስዎታለሁ።»

ሲደርሱ በሩ እንደተገረበበ ነው። አንዲት ዶሮ ጆይስቲኩን ታቅፋ ተኝታለች። ዱሬቲ ዶሮዋን በትሕትና አስነሥታ፣ አንድ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ አንድ ብላ ተጫነች። ማሽኑ ደስ በሚል ሙዚቃ ተከፈተ።

«ዋቀዮ፣ አምላኬ! ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጥንቆላ ነው ለካ!»

«ምን ጥንቆላ አለው? እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።»

«መቼ?»

«ቅድም፣ ድልድዩ አጠገብ።»

ኦቦ ኤጄታ አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ። የዳማን ታሪክ ያልሰማ ልጅ አምቦ ውስጥ ይኖር እንደሆነ በሐሳባቸው ሰፈር ለሰፈር ዞሩ፤ አንድም አላገኙም። «አሃ!» አሉ በመጨረሻ። «ለካ ከገበያ ስመለስ ቴሌቪዥኑ ግሎ የማገኘው በፀሐይ አይደለም! አለቀልኝ፣ ኢንተላ ኮ። ረጋሳ የሰማ ቀን ቤቴ ተዘጋ። ዳማ እንደሆነ ተሸጧል።»

«ከሌላ ሰው ሳይሰሙ እርስዎ ቀድመው ይንገሯቸው። ‹አይጠለፍም› ብሎ መማል የማንም አቅም አይደለም፤ ‹እጠብቃለሁ› ማለት ግን ይችላሉ።»

የበሩ ቁልፍ ያን ዕለት ከባየሽ ተመለሰ። የማሽኑ ቁጥር ተለወጠ። ጥገናውንም ዱሬቲ በፍላሽ አምጥታ ጫነችላቸው፤ ኦቦ ኤጄታ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «እሺ» የሚለውን ተጫኑ። ከሰዓት ጉደር የሄዱበት ሽምግልናም ደምቆ ዋለ፤ የልጅቷ አባት የዳማን ታሪክ ሁለቴ ካልሰማሁ ብለው።

እሑድ፣ ሰዉ ከየቤተ ክርስቲያኑ ከተመለሰ በኋላ ወላጆች ተሰበሰቡ። ዱሬቲም ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ኦቦ ኤጄታ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማሽኑ ይጠለፋል። ተጠልፏልም። በትምህርት ሰዓት ልጆቻችሁ ሲጫወቱበት ከርመዋል።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ኦቦ ረጋሳ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና፣ «ታዲያ መሐላህስ፣ ኤጄታ?» አሉ።

«መሐላዬ ስሕተት ነበር። ሰው የሠራውን ሰው ሊከፍተው ይችላል። አይሰበርም ብዬ ስላመንኩ በሬን ከፍቼ ሄድኩ፣ ጥገናውን እምቢ አልኩ፣ ምስጢሩን እንደ ቀልድ ዘራሁት። አሁን ግን በሩን እቆልፋለሁ፣ ቁጥሩን ቶሎ ቶሎ እለውጣለሁ፣ በትምህርት ሰዓት ደጄ ላይ እኔው እቀመጣለሁ። ልጅ ከመጣ በከዘራዬ አመላክቼ ወደ ትምህርት ቤቱ እሰደዋለሁ። ካላመናችሁኝ ቤቱ ይዘጋ።»

«ጥሩ ተናገርክ» አሉ ኦቦ ረጋሳ። «እንግዲያው መተማመኛ እንዲሆነን፣ አዲሱን ቁጥርና እንዴት እንደመረጥከው ለጉባኤው ንገረን።»

አዳራሹ ሙሉ ሰው፣ ዓይኑ ሁሉ እሳቸው ላይ። አዲሱ ቁጥር ደግሞ ታሪክ አለው፤ ከዳማ ታሪክ የሚበልጥ፣ ጅብ ያለበት፣ የጭልሞ ጫካ ያለበት፣ መጨረሻው የሚያስቅ። ታሪኩ ጉሮሯቸው ድረስ መጣ። አፋቸውን ከፈቱ።

ኦቦ ኤጄታ አፋቸውን ዘጉ።

«አልናገርም።»

«ለእኔም?»

«ላንተም።»

ኦቦ ረጋሳ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ነግረኸን ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ አስዘጋህ ነበር! ቤቱ ይቀጥል።»

ቤቱም ቀጠለ። ልጆቹ በትምህርት ሰዓት ክፍላቸው ውስጥ ናቸው፤ ከትምህርት በኋላም ያለ ድብብቆሽ ይጫወታሉ። ጆይስቲኩ ተከብሮ ይያዛል፤ ጥገና ሲመጣ «እሺ» ይባላል። ያ የጅብ ታሪክ ግን እስከ ዛሬ አልተሰማም። አምቦ ውስጥ ኦቦ ኤጄታ ያልተናገሩት ታሪክ እሱ ብቻ ነው።