በእኔ ስልክ የተከፈቱ በሮች

ክቡራትና ክቡራን፤ እንዲህ ብዬ ስጠራችሁ ኮፒ ከወዲያ እየሳቀብኝ ነው። ይሳቅ። ስሙን ያወጣለት ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ቆሞ "የዚች ልጅ ድምፅ ከማሽኔ ያንሳል" ሲለኝ የከረመው እሱ ነው።

ሥራችሁን ትታችሁ፣ ወንበር አስጠግታችሁ ስለምትሸኙኝ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ስመጣ ምን ትችያለሽ ሳይሉ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት ከእናቴ ጋር ወደ አክስቴ ከተማ እሄዳለሁ፤ ትምህርቴንም እቀጥላለሁ።

ይህን ወረቀት ደጋግሜ ሳጣጥፍና ስዘረጋ አይታችኋል። ንግግር ፈርቼ ብቻ አይደለም።

እዚህ ኢንተርኔት ቤት ሰው የሚመጣው ኢሜይል ሊያስከፍት፣ የፈተና ውጤት ሊያይ፣ የጠፋ ዘመዱን ፌስቡክ ላይ ሊፈልግ ነው። ስልክ የሌለው ሲመጣስ ምን እናደርግ ነበር? የመጀመሪያ ሳምንቴ ላይ አንዲት ሴትዮ የማረጋገጫ ቁጥር የሚላክበት ስልክ አጡ።

"በአንቺ ስልክ ክፈቺላቸው" አሉኝ ጋሼ።

"ኋላስ፣ ጋሼ?"

"ኋላማ ምን አለ? አንቺ የት ትሄጃለሽ?"

ከዚያ ወዲህ ለአርባ ሦስት ሰው በእኔ ስልክ ከፍቻለሁ። ይኸው፣ ልሄድ ነው።

ባለፈው ሰኞ ቁርስ ላይ ስልኬ ነዘረ። ማንም ያልጠየቀው የማረጋገጫ ቁጥር ነው፤ ከአርባ ሦስቱ የማንኛቸው እንደሆነ አይናገርም። ማክሰኞ ደገመ። ረቡዕ ሁለት ጊዜ። ሌባ ነው አልኩ። በእኔ ጥፋት የሰው ደብዳቤ ሊያነብ ነው። ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ወረቀት ደረደርሁበት፤ እሱ ግን መሳቢያውን ጭምር ያንቀጠቅጣል።

ለምን አልተናገርኩም? ጋሼ ይቆጡኛል፣ ኮፒ ያላግጥብኛል ብዬ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ በሆዴ ያዝኩት።

ትናንት ወረቀት ላመጣ ጓዳ ስገባ፣ ቤቱን የሚያጸዱልን እማማ ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። የእህታቸው ልጅ የሰጠቻቸውን ስልክ ይዘው "ቁጥር አስገቢ ይለኛል... የምን ቁጥር?" ይላሉ። በዚያው ቅጽበት የእኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነዘረ።

"እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

ደንግጠው ስልኩን በሽርጣቸው ሸፈኑት። "ምንም። ስትሄጂ ማንን አስቸግራለሁ? ራሴ ልልመደው ብዬ ነው።"

"ልጅዎ ጽፎልዎት ይሆን?"

"መርከብ ላይ ሆኖ? እንጃ ልጄ። በሩ ይኸው ሳምንቱን ሙሉ እምቢ አለኝ።"

ከመርከበኛ ልጃቸው ጋር የሚጻጻፉበትን ኢሜይል ያወጣሁላቸው በእኔ ስልክ ነበር፤ የመጣልኝን ቁጥር አስገብቼ ከፈትኩላቸው። የልጃቸው ደብዳቤ ከገባ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር።

ሌባዬ እማማ ነበሩ። ኮፒ፣ አሁን ሳቅ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እሳቸው አፍረው፣ እኔ ፈርቼ፣ በአንድ ቤት ውስጥ እሳቸው ሲያንኳኩ ቁልፉን ይዤ ዝም አልኩ። ነገ እዚህ የለሁም። ስልኬ ቢጠፋስ? ቀጥሎ የሚያንኳኳው እውነተኛ ሌባ ቢሆንስ?

የእማማን ትናንትናውኑ ወደ ራሳቸው ቁጥር ቀየርን። አርባ ሁለት ሰው ቀርቷል፤ ስማቸውን በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ። ጋሼ፣ ይቆጡኝ፤ ግን ሰዎቹን ዛሬውኑ እንጥራቸው። ስልክ ያለው በራሱ፣ የሌለው በሚያምነው ዘመዱ ይቀይር። የመጨረሻው ሰው ሳይቀይር ከወንበሬ አልነሳም።

ጋሼ፣ ቤትዎ ሰው አይጣ። ኮፒ፣ ሳቅህ አይንጠፍ፤ ማሽንህም ወረቀት አይብላብህ። እማማ፣ ልጅዎን በዓይንዎ ያሳይዎ። ሁላችሁም፣ ስታንኳኩ የሚከፍትላችሁ፣ ስትፈሩ የምትነግሩት ሰው አትጡ።

አሜን ካላችሁ ኮምፒውተሩን አብሩልኝ። ይህን ሁሉ ስናገር ስልኬ ሁለት ጊዜ ነዝሯል። እማማ ደግሞ ይኸው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ አሁን የሚያንኳኳው ሌላ ነው።