ስልኩን ቀድመው የማይዘጉት እናት

ባለፈው ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከማለዳ ጀምሮ ሲያካፋ የዋለው ዝናብ ጋብ ብሎ፣ ደመናው እንደ ተተረተረ ጨርቅ በአንድ ጥጉ ተከፍቶ፣ ቀጭን የፀሐይ ብርሃን በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ወደምትገኘው ጠባብ ክፍል ሲገባ፣ ሁላችን «እማማ ሃሎ» እያልን የምንጠራቸው እናት በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ የበኩር ልጃቸውን እጅ እንደ ያዙ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ይህን የሕይወት ታሪካቸውን የምናነበው ራሳቸው አስቀድመው ባዘዙት መሠረት ሲሆን፣ ትእዛዛቸውም «ውዳሴውን አሳጥሩ፣ ስህተቴን ግን እንዳትዘልሉ» የሚል ነበር። የመጀመሪያውን ለመፈጸም አቅም ስላጣን ከወዲሁ ይቅርታቸውን እንለምናለን፤ ሁለተኛውን ግን እንፈጽማለን።

እማማ ሃሎ ከቁልፍ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአምስት ልጆች ሦስተኛ ሆነው፣ ሱቅንና መኖሪያን አንድ ስስ ግድግዳ በሚለይባት ቤት ተወለዱ። ከግድግዳው ወዲያ ሞረድ፣ ከግድግዳው ወዲህ የስፌት መኪና ሲንጫጫ ያደጉ በመሆናቸው፣ በጫጫታ መካከል ቀጭኗን ድምፅ ለይቶ የመስማት ጸጋ ገና በልጅነታቸው ታደሉ። በትምህርት ቤትም የመምህራኑን ኮቴ ከኮሪደሩ ጫፍ ለይተው፣ «ሒሳብ ደረጃው ላይ ደርሷል፤ ዛሬ ደግሞ ተናዷል» እያሉ ክፍሉን ሁሉ ያስጠነቅቁ ስለነበር፣ ከጓደኞቻቸው ፍቅርን፣ ከሒሳብ መምህሩ ደግሞ የአንድ ሳምንት የመጥረጊያ ቅጣትን አተረፉ።

ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት እንዳጠናቀቁ የዘጠኝ ወር የስልክ ሙያ ሥልጠና ወስደው፣ በሃያ ዓመታቸው በሆስፒታሉ የስልክ ማዞሪያ ክፍል በኦፕሬተርነት ተቀጠሩ። በዚያ ክፍል ሳሉ፣ ያልተበላሸ ማዞሪያ ለመጠገን በወር አራት ጊዜ እየተመላለሰ ባልደረቦቻቸውን ያሳቀውን የሆስፒታሉን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሃያ አራት ዓመታቸው አገቡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ። የወንድ ልጃቸውን ሙሽራ ሲቀበሉ «አደራሽን፣ የዚህ ቤት ወንዶች ያልተሰበረ ነገር መጠገን ይወዳሉ» ብለው የመከሩት ምክር ዛሬም በቤተሰቡ ዘንድ ይነገራል።

ስህተታቸው የተፈጸመው ሥራ በያዙ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ነው። በማዞሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ደንብ፣ ሦስት ጊዜ «ሃሎ» ተብሎ መልስ ያልሰጠ ደዋይ መስመሩ እንዲቋረጥ ያዝዝ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ለአምስት ተከታታይ ቀናት፣ ከምሳ በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት አንድ ደዋይ እየደወለ፣ ትንፋሹ እየተሰማ ቃል ሳይወጣው ሲቀር፣ እማማ ሃሎ አራቱን ቀን በደንቡ መሠረት ዘጉ፤ በአምስተኛው ቀን ግን ትዕግሥታቸው አልቆ «አንተ ዱርዬ፣ እዚህ በሽተኛ አለ፤ ሌላ ቦታ ሄደህ ተጫወት» ብለው መስመሩን ነቀሉት። ያ ደዋይም ዳግመኛ አልደወለም።

ከሁለት ወር በኋላ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በእናቷ ተይዛ ወደ ሆስፒታሉ መጣች። በቤተሰቧ ዘንድ እንደ አጎት የሚከበር አስጠኚዋ፣ በስጦታ አለማምዶ፣ በምስጢር አስሮ፣ ባነሳትም ፎቶግራፍ እያስፈራራ ለወሲብ ሲበዘብዛት መቆየቱ የታወቀው ያን ዕለት ነው። የተቀበለቻት ነርስ በለሰለሰ አንደበት ከዚህ በፊት ለማን ለመንገር ሞክራ እንደነበር ስትጠይቃት፣ ልጅቷ «እዚሁ ደውዬ ነበር፤ ሴትዮዋ ዱርዬ ብለው ዘጉብኝ» ስትል መለሰች። በቤታቸው የነበረው ብቸኛ የስልክ ቁጥር በታናሽ ወንድሟ የክትባት ካርድ ጀርባ ላይ የታተመው የሆስፒታሉ ቁጥር ነበር።

ነርሷ ወደ ማዞሪያ ክፍሉ ወርዳ የዚያን ሳምንት ተረኛ ስትጠይቅ አራቱ ኦፕሬተሮች ተያዩ። መዝገብ አልነበረም፤ ምስክርም አልነበረም፤ ዝም ቢሉ ነገሩ እዚያው ተዳፍኖ በቀረ ነበር። እማማ ሃሎ ግን ማዳመጫቸውን ከጆሯቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «እኔ ነኝ» አሉ። አንዲት ባልደረባቸው ልታጽናናቸው ብላ «እቴ፣ አንቺ እኮ ደንቡን ነው የፈጸምሽው» ብትላቸው፣ «ደንቡ ዝጊ ነው ያለኝ፤ ዱርዬ በይ አላለኝም» ብለው መለሱላት።

በዳዩ በሕግ ተጠይቆ ተፈረደበት። እማማ ሃሎ ግን የራሳቸውን ፍርድ ለራሳቸው ሰጥተው ነበርና፣ ለልጆች ብቻ የሚያገለግል አንድ መስመር እንዲከፈት በየሰኞው ለሆስፒታሉ ዳይሬክተር ማመልከቻ ያስገቡ ጀመር። ዳይሬክተሩ «እሜቴ፣ የሚናገረውን በሽተኛ ሰምተን መች ጨረስንና ነው ዝም የሚለውን የምንጠብቀው?» እያሉ ይመልሷቸው ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ከተመላለሱ በኋላ ግን ዳይሬክተሩ ተሸንፈው፣ አሮጌ አንሶላ የሚከማችባትን ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ስልክ ሰጧቸው።

በዚያች የሳሙና ሽታ ባልለቀቃት ክፍል ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት የሠሩበት ሕግ አንድ ነበር፤ ስልኩን ደዋዩ ይዘጋዋል እንጂ ተቀባዩ አይዘጋውም። ደዋዩ ዝም ሲል እርሳቸው ያወራሉ። «አለሁ፣ አልቸኩልም፤ አሁን ሹራብ እየሠራሁ ነው፤ እጅጌው ጠቦብኛል መሰለኝ፤ መስኮቱ ላይ አንዲት እርግብ ቆማ እየታዘበችኝ ነው» እያሉ፣ አንዳንዴ አርባ ደቂቃ ያህል ብቻቸውን ካወሩ በኋላ፣ መናገር ለከበደው ልጅ «ቀፎውን አንድ ጊዜ ብታንኳኳው አዎ፣ ሁለት ጊዜ ብታንኳኳው አይደለም ማለት ነው» ብለው መንገድ ይከፍቱለታል። ስንት ልጅ በጥፍሩ አንኳኩቶ ከመከራ እንደወጣ የሚያውቁት እርሳቸውና ፈጣሪ ናቸው። በስህተት የደወለ አንድ ሲሚንቶ ፈላጊ ግን ሕጉ ለእርሱም ሠርቶለት፣ ስለ ቤቱ መሠረት ግማሽ ሰዓት አውርቶ፣ በመጨረሻ እርሱው አፍሮ እንደ ዘጋ ይተረካል። ባለቤታቸውም «ከእኔ ጋር ሲሆን ብቻ ነው ቀድማ የምትዘጋው» እያሉ ያማርሩ ነበር።

መስመሩን ለማሳወቅ ሲነሡ ደግሞ ሌላ ስህተት ሠሩ። ቁጥሩን በትልልቅ ፊደል አጽፈው በየትምህርት ቤቱ ዋና በር ላይ አሰቀሉ፤ ወር አልፎ ግን ከትምህርት ቤት የደወለ አንድም ልጅ አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት የትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ጠጋ ብለው፣ «እትዬ፣ እዚህ በር ላይ ቆሞ ያነበበ ልጅ እኮ በማግስቱ ስም ይወጣለታል፤ ልጅ ብቻውን የሚሆነው የት እንደሆነ እኔን በጠየቁኝ» አሏቸው። እማማ ሃሎም የበሩን ማስታወቂያ አስወርደው፣ ቁጥሩን በየመጸዳጃ ቤቱ መዝጊያ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በሴቶቹም በወንዶቹም፣ በተቀመጠ ልጅ ዐይን ትክክል በገዛ እጃቸው ለጠፉት። አንድ ርእሰ መምህር «የትምህርት ቤታችንን ስም በሽንት ቤት ያስጠሩታል» ብለው ቢቆጡ፣ «ስሙን ልጁ ይጥራው እንጂ የትም ይጥራው» ብለው አለፏቸው። በዚያው ሳምንት ስልኩ ዐሥራ አንድ ጊዜ ጮኸ።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ ያቺን ልጅ ፈልገው ይቅርታ ለመጠየቅ ልባቸው ሳይነሣሣ የቀረበት ቀን አልነበረም። አድራሻዋም በእጃቸው ነበር። ነገር ግን «ለእኔ ልብ ዕረፍት ብዬ የእርሷን ቁስል አልነካም» ብለው ዐሥራ አንድ ዓመት ራሳቸውን ከለከሉ። በዐሥራ አንደኛው ዓመት አንዲት ወጣት ሴት የዚያችን ክፍል በር አንኳኩታ ገባችና፣ ሳትቀመጥ፣ «ልምርዎት አልመጣሁም፤ እምርዎት እንደሆነ ገና አላውቅም። የመጣሁት ቁጥሩ የት መታተም እንዳለበት ልነግርዎት ነው» አለቻቸው። እማማ ሃሎ ሰምተው እንደ ጨረሱ በማግስቱ ወደ ጤና ቢሮው ሄዱ፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ የልጆች መስመር ቁጥር በእያንዳንዱ የክትባት ካርድ ጀርባ ላይ ይታተማል። ያቺ ሴት ማን እንደሆነች ለማንም ሳይነግሩ ሄደዋል፤ ይህን ያህሉ የተነበበውም በእርሷ ፈቃድ ነው። ምሕረቱም ይምጣ አይምጣ ያወቀ የለም፤ እርሳቸውም አልጠየቋት።

በኋለኞቹ ዓመታት በዳዮች በእጅ ስልክ በኩል እስከ ልጆች መኝታ ቤት ድረስ መግባት ሲጀምሩ፣ እማማ ሃሎ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከልጅ ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው የእጅ ስልክ አጠቃቀም ተማሩ። በፎቶግራፍ ለሚያስፈራሯቸው ልጆችም «ሌላ እንዳትልኪለት፣ መልእክቱንም እንዳታጠፊው፤ ማስረጃ ነውና ይዘሽው ነይ፤ ጥፋቱ የእርሱ ነው» ይሏቸው ነበር። ለልጅ ግን ምስጢር እጠብቃለሁ ብለው ቃል ገብተው አያውቁም፤ «ለሚረዱሽ ሰዎች ብቻ እነግራለሁ፤ ለማን እንደምነግርም አስቀድሜ አሳውቅሻለሁ» የሚለውን ከባድ እውነት ይመርጡ ነበር።

በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡ ያ እንደ ወርቅ ሚዛን የሚመዝን ጆሯቸው መድከም ጀምሮ ነበር። ቢሆንም ለተጨማሪ ስምንት ዓመታት አዳዲስ ሠራተኞችን ያሠለጥኑ ነበርና፣ ከአጠገባቸው ተቀምጠው፣ መስማት ቢሳናቸውም፣ የሠልጣኞቹ እጅ ወደ ስልኩ መዝጊያ እንዳይሄድ በዐይናቸው ይጠብቁ ነበር። ሥልጠናውንም ሁልጊዜ የሚጀምሩት ያንን «ዱርዬ» የሚል ቃላቸውን በመናገር ነበር። ባለቤታቸው ከአራት ዓመት በፊት ካረፉ ወዲህ የልብ ሕመም ጸንቶባቸው፣ በሐኪሞችና በልጆቻቸው ትጋት ሲረዱ ቆይተው፣ በተባለው ቀንና ሰዓት አርፈዋል።

ለእናንተ ለተሰበሰባችሁት እንዲነበብ በእጃቸው ጽፈው የተዉት ይህን ነው። «ልጅ በድንገት ዝም ሲል፣ ከየት እንደመጣ የማይናገረው ስጦታ ሲይዝ፣ ይወደው ወደነበረ ሰው ቤት አልሄድም ሲል አስተውሉ። ሲነግራችሁ አታቋርጡት፤ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ አትበሉት፤ እመኑት። በዳዩን ራሳችሁ አትጋፈጡ፤ በዘመድ ጉባኤም ሸፋፍናችሁ አትጨርሱት። ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ፖሊስ፣ ወደ ልጆች መስመር በዚያው ቀን ሂዱ። ቁጥሩ በልጃችሁ የክትባት ካርድ ጀርባ ላይ አለ፤ ዛሬ ቤት ስትገቡ ገልብጣችሁ እዩት።»

እማማ ሃሎ ሁለት ሴት ልጆች፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ ስድስት የልጅ ልጆች፣ አንዲት ታናሽ እህት፣ በዚያች ክፍል የሚሠሩ ዘጠኝ ባልደረቦች፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙ ልጆችንም ትተው ሄደዋል። የሕፃናትን ትንፋሽ የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃን ማደሪያ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

ስልኩ ዛሬም ይሠራል፤ በሌሎች ይነሣል። ያ ድምፅ ግን የለም።