ለጠያቂዋ የታሰበው ክፍል

በዚያ ዓመት ክረምቱ ቀድሞ ገባ። ነፋሱ የትምህርት ቤቱን የሁለት ክፍል ጣራ ገሸለጠው። መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ የእህል መኪና ቀረ፤ ሰው ራሽኑን አጋምሶ በላ። ሳል ገባ፤ ከሽማግሌም ከሕፃንም ወሰደ። የተረፈው አንድ የመማሪያ ክፍል ብቻ ስለነበር የስደተኞች ጣቢያው ልጆች ሁሉ እዚያው ታጨቁ።

እኔ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነኝ። በር እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ የሚገባ የሚወጣውን አያለሁ። በስደተኞች ጣቢያ ወሬ አይጠፋም፤ እኔ ግን ከማውራት ማየት ይሻለኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አናጢው ሜትሩን ይዞ መጣ። በወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው።

«አባት፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይስጡኝ፤ ልለካ ነው» አለኝ።

«ለምን?»

«ለጠያቂዋ ክፍል ላበጅላት።»

ጠያቂዋ የምንላት የምንጣፍ ሰፊዋ ልጅ ናት። ዐይኗ አያይም። ትምህርት የጀመረችው በዚያው ክረምት ነው። ጠመኔው ሰሌዳውን በነካ ቁጥር «መምህርት፣ ምን ጻፉ?» ትላለች። ስሙም ከዚያ ወጣላት።

ቁልፉን ስፈልግ ዶፍ ወረደ። መምህርቷ ደብተሮቹን በነጠላዋ ሸፍና እየሮጠች ጎጆዬ ገባች። ሁለቱን ያገናኘው እንግዲህ ዝናቡ ነው። ጎጆዬ ለአንድ ዘበኛ እንጂ ለሸንጎ አልተሠራችም አልኳቸው። የሰማኝ የለም።

«ጋሼ፣ ሜትሩ ለምንድን ነው?» አለች።

«ለበጎ ነው ልጄ። ልጅቷን ከሁካታው ላወጣት ነው። ዕቃ ቤቱን በጣውላ እከፍለዋለሁ፣ ወለሉን እደለድላለሁ። ብቻዋን በጸጥታ ትቀመጣለች።»

«ማን ያስተምራታል?»

«አንቺ ነሻ፣ ጊዜ ስታገኚ።»

«ጊዜም ከጣውላ ይሠራሉ እንዴ?»

አናጢው ሳቁን ዋጠ። «አሾፍሽብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ወላጅ አጉረምርሟል። አንዲት ልጅ ‹ምን ጻፉ› እያለች የሌላውን ሰዓት ትበላለች ይላሉ። ደግሞስ ለማያይ ዐይን ፊደል ምን ያደርግለታል?»

«በጣት የሚነበብ ፊደል አለ፣ ብሬል ይባላል። ጠይቀናል፤ መንገዱ ሲከፈት ይመጣል። እስከዚያው ጆሮዋ አለ።»

«እሺ ይምጣ። እዚህ ጣቢያ ውስጥ ዐይናማውስ ተምሮ የት ደረሰ?»

«እንዲያ ከሆነ የእርስዎን ልጅ ለምን ይልኩታል?»

«እሱማ አንድ ቀን አገራችን እንገባለን! ያኔ ደንቆሮ ሆኖ እንዳይገባ ነዋ።»

«እሷስ እዚህ ልትቀር ነው?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አናጢው ሜትሩን ጠቅልሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ነገሩ አልገባሽም። የልጅቷ አባት ባለውለታዬ ነው። ስንሰደድ ልጄን ወባ ይዞት ነበር። የኔም እግር ቆስሎ ራሴን እንኳ መጎተት አቅቶኝ ነበር። ያ ሰው የራሱን ጓዝ ሜዳ ላይ ጥሎ ልጄን በትከሻው አሻገረልኝ። ብዙም ሳይቆይ እሱ አረፈ። ሚስቱን ‹ምን ላድርግልሽ?› እላታለሁ፤ ‹ምንም፣ እግዜር ይስጥልኝ› ነው መልሷ። የጸዳ ጣውላ አስቀምጫለሁ። ለልጅቷ ክፍል ልሥራበትና ከዕዳዬ ልውጣ።»

ይህን ታሪክ ጣቢያው ሁሉ ያውቀዋል። መምህርቷ ግን ለጣቢያው አዲስ ነበረች። ጥቂት አሰበችና፦

«ያኔ በጉዞው ላይ ‹የታመመው ልጅ ሰዉን ያዘገያል፤ ጥላ ሥር ይቀመጥ፣ ጊዜ ስናገኝ እንመለስለታለን› ያለ አልነበረም?» አለች።

«ምን አልነበረም ትያለሽ! ስንቱ አለ እንጂ። እሱ ነው እምቢ ያለው።»

ብሎ የገዛ ቃሉን ሰማው። አየሁት። ግን አናጢ ነው፤ ሳይለካ አይቆርጥም።

«ነገር ታውቂያለሽ» አለ። «ቢሆንም የኔ ልጅ ገና አሁን ነው የነቃው። ያ ደነዝ ከዚህ ክረምት ወዲህ ማታ ማታ የተማረውን አንድ በአንድ ይደግምልኛል። እንዳይሰናከልብኝ እሰጋለሁ።»

«ከዚህ ክረምት ወዲህ?» አለች ቀስ ብላ። «ነገ ይምጡና ከልጅዎ ጎን ይቀመጡ። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ይውሰዱ።»

የአናጢውን ልጅ ኩርፌ እንለዋለን። ፊቱ ሁልጊዜ እንደተቋጠረ ነው።

በማግሥቱ አናጢው ከኋላ፣ ከኩርፌ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ በሩ ላይ ቆምሁ። ጠመኔው ሰሌዳውን ነካ። «መምህርት፣ ምን ጻፉ?» አለች ጠያቂዋ ከፊት። መምህርቷ የጻፈችውን ቃል በቃል ጮክ ብላ አነበበች፤ ልጆቹ ተቀበሏት። መምህርቷ ጥያቄ ስትጠይቅ ቀድሞ እጁን ያወጣው ኩርፌ ነበር። አባቱ ዙሪያውን እያየ ደረቱን ነፋ።

ለእረፍት ሲወጡ መምህርቷ ሁለቱን ልጆች አስቀረቻቸው። በዝምታ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፈች።

«ምን ጻፉ?»

«አሁን ኩርፌ ያንብብልሽ።»

ልጁ ተነሣ። አንገቱን አሰገገ፣ ፊቱን ቋጠረ።

«አንብብ እንጂ!» አለ አባቱ። «ይህን የሚያክል ጽሕፈት!»

«አባዬ፣ መምህርት ገና አልነገሩንማ።»

«ምኑን ይንገሩህ? ያውልህ ተጽፏል!»

«ነጭ ነጭ ነገር ነው የሚታየኝ። ለሁሉም እንደዚያ አይደል እንዴ?»

«አትፈር» አለችው ጠያቂዋ። «እኔም አላየሁትም።»

መምህርቷ ሳቀች። ልጁም ሳቀ። አናጢው ግን ድንጋዩ ላይ እንደተተከለ ቀረ። ኩርፌ አኩርፎ አያውቅም፤ ለማየት ሲታገል ነው ፊቱ የሚቋጠረው። እኔ፣ አያለሁ የምለው ሰውዬ፣ ይህን አላየሁም።

«ደነዝ እያልሁት ነው ያሳደግሁት» አለ አባቱ።

«እኔም እሷ እስክትመጣ ጀርባዬን ሰጥቼ በዝምታ ነበር የምጽፈው» አለች መምህርቷ። «አፌን ያስከፈተችኝ እሷ ናት። ከእሷ ጋር ስንት ልጅ እንደሰማ እኔም አላወቅሁም። ኩርፌን ግን ከጤና ጣቢያው ያስመርምሩት፤ መነጽር ሳይበጅለት አይቀርም።»

ቅዳሜ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ወላጁ ክፍሉን ሞላው።

«የዕቃ ቤቱ ሥራ የት ደረሰ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አልሠራውም» አለ አናጢው ቆሞ።

«ይሠራ ብለህ ቀድመህ የፈረምህ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ። አሁን ቃሌን እበላለሁ። ከልጄ አፍ ከምነጥቅ ቃሌን ብበላ ይሻለኛል።»

«ጣውላው አልቆበት ይሆናል!» አለ የጣቢያው ፀጉር አስተካካይ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«ጣውላውስ አለ» አለ አናጢው። «ያለቀው ድንቁርናዬ ነው።» ሳቁ ቆመ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ተናገረ፤ ልጁን ደነዝ ማለቱንም። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦ «ለእሷ ሲባል የተነበበውን ነው ልጄ የተማረው። እሷን ዕቃ ቤት ብናስገባ ሰሌዳው ዝም ይል ነበር፤ የኔም ልጅ ዝም ይል ነበር። እናንተም ቤት ማን እንደማያይ፣ ማን እንደማይሰማ ታውቃላችሁ? ልጆቻችሁን ጠይቁ። በጣውላው አግዳሚ ወንበር እሠራለሁ፤ አሻግሮ የማያይ፣ ጆሮው የከበደ ከፊት ይቀመጥ። እግሩ የማይጠና ልጅ ካለ እኔ ዘንድ አምጡት፤ መደገፊያ እሠራለታለሁ።»

አንዲት ሴት ቤት የደበቀችው ልጅ እንዳላት ተናገረች። ሌላዋ ተከተለች። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ «የኔዋ ሦስት ጊዜ ካልተጠራች አትሰማም፤ ንቀት ይመስለኝ ነበር» አለ። እጅ ወጣ፤ ጠያቂዋ ከክፍሏ እንዳትወጣ ተወሰነ። እኔ ብዙ አልተማርሁም፤ ግን ይህን ያህል አውቃለሁ፦ ደካማውን ብሎ የቆመ ትምህርት ብርቱውንም ይጠብቀዋል፤ ደካማውን ያወጣ ግን ማንን አብሮ እንዳወጣ አያውቅም።

ሰዉ ሲበተን ምንጣፍ ሰፊዋ ወደ አናጢው መጣች።

«ወንድሜ፣ ምን ላድርግልሽ ትለኝ ነበር።»

«እልሽ ነበር፤ አንቺ ነሽ እምቢ ያልሽው።»

«የምጠይቅህ አጥቼ ነው። ዛሬ ግን ሳልጠይቅህ አደረግኸው። ባሌ ልጅህን አሻገረ፤ አንተም የእሱን ልጅ አሻገርህ። ከእንግዲህ ውለታ የለብህም፤ ተካክለናል።»

እጇን ዘረጋችለት። አናጢው በሁለት እጁ ጨበጣት።